አንድ ታካሚ፣ አምስት ኃላፊ፦ በኢሉባቦር የጤና ተቋማትን ቅብብሎሽ ማን ያስተዳድረዋል?

በክረምት፣ የገጠሩ መንገድ በጭቃ በተያዘበት ሰሞን፣ ምጥ የጠናባት እናት ከአንዱ የኢሉባቦር ቀበሌ ተነሥታ መቱ እስክትደርስ ድረስ የምታልፍባቸው እጆች ብዙ ናቸው። ቀድማ የምታገኛት የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ናት። ከዚያ መኪና እስከሚገባበት ድረስ የዕድሩ ጎልማሶች በቃሬዛ ተሸክመው ያደርሷታል። በጤና ጣቢያው ያለችው አዋላጅ ነርስ ነገሩ ከአቅሟ በላይ መሆኑን ስታውቅ ወረዳው የሚያስተዳድረው አምቡላንስ ይጠራል። አምቡላንሱ በአቅራቢያው የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ካለ ወደዚያ፣ ከሌለ ወይም ቀዶ ሕክምናው የማይቻል ከሆነ በቀጥታ ወደ መቱ ካርል ሆስፒታል ይነዳል።

የወሊድ አገልግሎት በመንግሥት ተቋማት በነፃ ከሚሰጡት አንዱ ነው። ስለዚህ ይህችን እናት በመንገድ የሚያስቀራት ብዙውን ጊዜ ገንዘብ አይደለም። የሚያስቀራት አንዱ እጅ ለሌላው ሲያስረክብ የሚፈጠረው ክፍተት ነው። አምቡላንሱ ነዳጅ አልተሞላለት ይሆናል፤ ጤና ጣቢያው ለሆስፒታሉ አስቀድሞ ስልክ አልደወለ ይሆናል፤ ሆስፒታሉ ደም አላዘጋጀ ይሆናል። እያንዳንዱ ተቋም የራሱን ሥራ በአግባቡ ሠርቶ እንኳ እናቲቱ ልትሞት ትችላለች። የሕክምና ትብብር አስተዳደር የሚባለው ጉዳይ ለአርሶ አደሩና ለከተማው ነዋሪ ከቢሮ ወረቀት በላይ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ኃላፊዎቹ እነማን ናቸው?

የአገሪቱ የጤና ሥርዓት በሦስት እርከን የተዋቀረ ነው። በታችኛው እርከን ከ3,000 እስከ 5,000 ሕዝብ የሚያገለግል ጤና ኬላ፣ በገጠር ከ15,000 እስከ 25,000 ሕዝብ የሚያገለግል ጤና ጣቢያ፣ እንዲሁም ከ60,000 እስከ 100,000 ሕዝብ የሚያገለግል የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ይገኛሉ። ከዚያ በላይ ከ1 ሚሊዮን እስከ 1.5 ሚሊዮን ሕዝብ የሚያገለግለው ጠቅላላ ሆስፒታል፣ በመጨረሻም ከ3.5 ሚሊዮን እስከ 5 ሚሊዮን ሕዝብ ይሸፍናል ተብሎ የታሰበው ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ። በወረቀት ላይ ሥርዓቱ እንደ መሰላል ነው፤ ታካሚው ከታች ጀምሮ ይወጣል፣ ሲሻለው ደግሞ ወደ ታች ይመለሳል።

መሰላሉ ግን ባለቤቱ አንድ አይደለም። አምስት ጤና ኬላዎች በአንድ ጤና ጣቢያ ሥር ይደራጃሉ። ጤና ጣቢያውና አምቡላንሱ የወረዳው ናቸው፤ በጀታቸው የሚመጣው ክልሉ ለወረዳው ከሚሰጠው ጥቅል ድጎማ ሲሆን፣ የሚያጸድቀውም የወረዳው ምክር ቤት ነው። ሆስፒታሎቹ ሌላ የበጀት መስመርና የራሳቸው የሥራ አመራር ቦርድ አላቸው። የዞኑ ጤና ጽሕፈት ቤት ይደግፋል፣ ይከታተላል፣ ሪፖርት ይሰበስባል፤ ሆኖም የወረዳን በጀት የማዘዝ ሥልጣን የለውም። የመድኃኒት አቅርቦቱ ደግሞ በፌዴራል ደረጃ በተቋቋመው የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት እጅ ነው፤ ለምዕራቡ የአገሪቱ ክፍል ቅርብ የሆኑት የአገልግሎቱ ቅርንጫፎች በጅማ፣ በነቀምትና በጋምቤላ ይገኛሉ። በዚህ ላይ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅኑ በየወረዳው የተደራጀ የራሱ ጽሕፈት ቤትና ቦርድ ያለው ከፋይ ነው።

በአጭሩ ጤና ጣቢያው ለሆስፒታሉ አይታዘዝም፤ ሆስፒታሉም ለወረዳው አይታዘዝም። ሁለቱም የሚገናኙበት አለቃ ፍለጋ ወደ ላይ ከተወጣ የሚገኘው በክልሉ ጤና ቢሮ ነው። ከዳሪሙ ወይም ከኖኖ ሰሌ የተላከ አንድ ታካሚ ያለ ምላሽ ወረቀት ተመለሰ ብሎ የክልል ቢሮ ድረስ የሚጽፍ የጤና ጣቢያ ኃላፊ አይኖርም፤ ቢኖርም የዕለት ሥራው አይፈቅድለትም።

በመቱ ጉዳዩን የሚያወሳስብ ሌላም ነገር አለ። የሆስፒታሉ አገልግሎት በኢሉባቦር ዞን ወሰን አያበቃም። ቡኖ በደሌ ከጥቂት ዓመታት በፊት ራሱን የቻለ ዞን ሆኖ ወጥቷል። በምዕራብ በኩል የጋምቤላ ክልል፣ በደቡብ በኩል ማሻን የሚያቅፈው በ2014 ዓ.ም. የተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል አሉ። ታካሚው የሚከተለው የአስተዳደር ካርታ ሳይሆን መንገድ ነው፤ መንገዶቹ ደግሞ ከጋምቤላም ከማሻም በጎሬ በኩል አድርገው መቱ ይገናኛሉ። የዞን ስብሰባ ሲጠራ ግን ወንበር የሚያገኙት የዞኑ ወረዳዎች ብቻ ናቸው። ከሌላ ክልል የመጣ ታካሚ የያዘው የመድኅን መታወቂያ ውል ካልተፈረመበት ሆስፒታል ሲደርስ ተራ ወረቀት ይሆናል። ሌላ ትልቅ ሆስፒታል ፍለጋ የሚሄድ ታካሚ ወደ 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ጅማ፣ ወይም ወደ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ አዲስ አበባ መድረስ ስላለበት፣ የመቱ በር መዘጋት ለዚህ አካባቢ ሕዝብ ቀላል ነገር አይደለም።

ትብብር ለኢሉባቦር አዲስ አይደለም

በአንድ ወቅት የጠቅላይ ግዛቱ መቀመጫ የነበረችው ጎሬና ዛሬ የዞኑ መናገሻ የሆነችው መቱ የውጭና የአገር ውስጥ ድርጅቶችን ሲያስተናግዱ ኖረዋል። የመቱ ሆስፒታል ስሙን ያገኘው ከካርልሃይንዝ ቦም ነው። ኦስትሪያዊው የፊልም ተዋናይ እ.ኤ.አ. በ1981 ‹‹ሰዎች ለሰዎች›› የተባለውን ድርጅት መሥርቶ ሥራውን በምሥራቅ ኢትዮጵያ በኤረር ሸለቆ ከጀመረ በኋላ ፊቱን ወደ ኢሉባቦር አዞረ። ዘመኑ በ1977ቱ ድርቅ ምክንያት ከወሎና ከሌሎች አካባቢዎች ብዙ ሕዝብ ወደ ምዕራብ ኢትዮጵያ የሠፈረበት ነበር። ድርጅቱ ሆስፒታልን ብቻውን ነጥሎ አልያዘም፤ የንጹሕ ውኃ ምንጭ ማጎልበትን፣ ትምህርት ቤትን፣ የገጠር መንገድንና የግብርና ሥራን አጣምሮ ይሠራ ነበር። ቦም በ2006 ዓ.ም. እስኪያርፍ ድረስ በኢትዮጵያ የክብር ዜግነት እስከማግኘት ደርሷል።

ከዚያ ዘመን ሊወሰድ የሚገባው ነገር ከሕንፃዎቹ ይልቅ አሠራሩ ነው። ውኃን፣ መንገድንና ሕክምናን አንድ ድርጅት በአንድ ዕቅድና በአንድ ካዝና ሲይዝ ማስተባበር ቀላል ነው፤ ምንጩ ተበክሎ ሕፃናት ቢታመሙ ተጠያቂው ያው አንድ ቢሮ ነው። ፕሮጀክቱ ሲያበቃ ግን ውኃው ለውኃ ጽሕፈት ቤት፣ መንገዱ ለመንገዶች፣ ጤና ተቋሙ ለጤና ጽሕፈት ቤት ይተላለፋል። ንብረቱ ይረከባል፤ የማስተባበሩ ሥራ ግን ተረካቢ ሳያገኝ ይቀራል። በርክክብ ሰነድ ላይ አልጋና ጄኔሬተር ይቆጠራል እንጂ ‹‹በየወሩ ማን ከማን ጋር ይገናኛል›› የሚል መስመር አይጻፍም።

የሪፈር ወረቀቷ ግማሽ

የትብብሩ ጤንነት ከሚለካባቸው ነገሮች ሁሉ ቀላሏ የሪፈር ወረቀት ናት። ወረቀቷ ሁለት ክፍል አላት። የላይኛውን ክፍል ላኪው ጤና ጣቢያ ይሞላል፦ የታካሚው ሁኔታ፣ የተሰጠው ሕክምና፣ የተላከበት ምክንያት። የታችኛው ክፍል ለምላሽ የተተወ ነው። ተቀባዩ ሆስፒታል ምን እንዳገኘ፣ ምን እንዳከመ፣ ታካሚው ወደ ሠፈሩ ሲመለስ ምን ክትትል እንደሚያስፈልገው ጽፎ መመለስ ይኖርበታል። በኢትዮጵያ የቅብብሎሽ ሥርዓት ላይ ከሚነሡት ቅሬታዎች ሁሉ የቆየው ይህ የታችኛው ክፍል ባዶውን መቅረቱ ነው።

ይህ የቢሮ ጉድለት ብቻ የሚመስለው ካለ የደም ግፊት ሕመምተኛ የሆነን አርሶ አደር ያስብ። ሆስፒታል ተኝቶ፣ መድኃኒት ተቀይሮለት ወደ ቀዬው ይመለሳል። ጤና ጣቢያው የተቀየረውን ስለማያውቅ የቀድሞውን መድኃኒት ይሰጠዋል፤ ወይም ‹‹ሆስፒታል የያዝከውን እኛ አንነካም›› ብሎ በየወሩ ወደ መቱ ያመላልሰዋል። አንድ ቀን የቡና ለቀማ ይቀርበታል፣ የመኪና ይከፍላል፣ ሆስፒታሉም በጤና ጣቢያ ሊታይ በሚችል ሰው ይጨናነቃል። በተቃራኒው በኩል ደግሞ ታካሚው ጤና ጣቢያውን ዘልሎ በቀጥታ ሆስፒታል ሲሄድ ‹‹ሕዝቡ ሥርዓት አያውቅም›› ይባላል። ሕዝቡ የሚያውቀው ግን ሌላ ነው፤ ጤና ጣቢያው ላቦራቶሪ ሠርቶ፣ መድኃኒት ይዞ የጠበቀው ዕለት ሆስፒታል መሄድ እንደማያስፈልግ ከማንም በፊት የሚረዳው እርሱ ነው።

ሆስፒታሎች ታካሚን የሚቀበልና የሚያስተላልፍ የሊያዞን ክፍል እንዲኖራቸው ከተደረገ ዓመታት ተቆጥረዋል። ክፍሉ በሠራተኛና በስልክ ከተጠናከረ አምቡላንሱ ከመነሣቱ በፊት አልጋ መኖሩን ማወቅ ይቻላል። ሆኖም የሊያዞን ባለሙያው ጤና ጣቢያውን ሊያዝዝ፣ ወረዳውንም ነዳጅ ሙላ ሊል አይችልም። መለመን ብቻ ነው የሚችለው። በልመና የሚሠራ ቅብብሎሽ ደግሞ በሰዎች መልካም ፈቃድ ላይ የቆመ ነው፤ ባለሙያው ሲዛወር አብሮት ይሄዳል።

ሕንፃ መጨመር ብቻውን ይህን አይፈታም። ለዚህ ከመቱ ብዙም ሩቅ ያልሆነ ማስረጃ አለ። በጅማ ዞን በጎማ፣ በቀርሳና በሰቃ ጮቆርሳ ወረዳዎች፣ 24 ጤና ጣቢያዎችን ከነአካባቢያቸው ያካተተ ሰፊ ጥናት ተካሂዶ ነበር። በአንዳንዶቹ የእናቶች ማቆያ ቤት ተሻሽሎ ተሠራ፣ የአካባቢ መሪዎችም ሠለጠኑ፤ በሌሎቹ ሥልጠናው ብቻ ተሰጠ፤ በቀሩት ምንም አልተጨመረም። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ውጤት በጤና ተቋም የሚወልዱ እናቶች ቁጥር ላይ በእርግጠኝነት የሚነገር ልዩነት አላሳየም። በሌላ በኩል በጉራጌ የሚገኘው የአጣጥ ሆስፒታል ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የእናቶች ማቆያን ሲያስተዳድር የኖረ ነው። በአጣጥ ማቆያው ከሆስፒታሉ ግቢ ጋር የተያያዘ በመሆኑ የምታርፈው እናት ምጥ ሲጀምራት የሚቀባበላት ሌላ ተቋም የለም። ማቆያው በጤና ጣቢያ፣ ቀዶ ሕክምናው በሌላ ከተማ ሲሆን ግን በመካከላቸው ያለው ርክክብ ካልተስተካከለ ማቆያው ማረፊያ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ገንዘቡ የሚያስተሳስረውና የሚያጣላው

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር ከኦሮሚያ የተመረጡት ግምቢቹ፣ ኩዩ፣ ደደርና በጅማ ዞን የሚገኘው ሊሙ ኮሳ ነበሩ። ዛሬ በአብዛኞቹ የአገሪቱ ወረዳዎች ተስፋፍቷል። አሠራሩ ግልጽ ነው። አባወራው ወይም እማወራዋ በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮ ይከፍላሉ፤ መክፈል የማይችሉትን ድሆች መንግሥት ይከፍልላቸዋል፤ የወረዳው መድኅን ከጤና ጣቢያዎችና ከሆስፒታሎች ጋር ውል ይፈርማል፤ ተቋማቱ ያከሙበትን ሂሳብ አቅርበው ይከፈላቸዋል።

እዚህ ላይ ውሉ የትብብሩ ትክክለኛ ማሰሪያ ይሆናል። የወረዳ አስተዳዳሪና የሆስፒታል ሥራ አስኪያጅ በስብሰባ ላይ ከሚነጋገሩት ይልቅ በውሉ የተጻፈው ይበልጥ ያስገድዳል። ችግሩ ውሉ በአብዛኛው ስለ ክፍያ እንጂ ስለ ቅብብሎሽ የሚለው ጥቂት መሆኑ ነው። ወረዳው ክፍያውን ሲያዘገይ ሆስፒታሉ መድኃኒት መግዣ ያጣል። መድኃኒት ሲጠፋ ሐኪሙ ‹‹ከውጭ ግዙ›› ብሎ ይጽፋል። መዋጮውን አስቀድሞ የከፈለው አርሶ አደር ከግል መድኃኒት ቤት በኪሱ ይገዛል። በሚቀጥለው ዓመት የመዋጮ ሰብሳቢው በሩን ሲያንኳኳ ‹‹ባለፈው ምን አገኘሁ?›› ብሎ ይጠይቃል። አባላት ሲቀንሱ የመድኅኑ ካዝና ይሳሳል፤ ካዝናው ሲሳሳ ክፍያው ይበልጥ ይዘገያል። ይህ አዙሪት በአንድ ተቋም ጥፋት የሚመጣ አይደለም፤ ወረዳው በጀት ጠብቦት፣ ሆስፒታሉ ሂሳቡን አጠናቅቆ ሳያቀርብ ቀርቶ፣ አቅራቢው የታዘዘውን ሳያሟላ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ሁሉም በየፊናቸው ምክንያት አላቸው። ምክንያት የሌለው በመካከላቸው የቆመው አርሶ አደር ብቻ ነው፤ እርሱ ገንዘቡን ቀድሞ ከፍሏል።

በኢሉባቦር ደግሞ ጊዜውም ይወስናል። የአርሶ አደሩ እጅ ገንዘብ የሚያገኘው ቡና ተለቅሞ ሲሸጥ ነው። መዋጮው ከዚያ በፊት ሲጠየቅ የሚከፍለው ያነሰ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሲጠየቅ ደግሞ ብዙው ገንዘብ ለዕዳና ለሠርግ ወጥቷል። የእህል አምራች ወረዳዎችን ታሳቢ አድርጎ የወጣ የመሰብሰቢያ ወቅት ለቡና አገር አይስማማም። ይህም መድኅኑ ከግብርና ጽሕፈት ቤቱና ከኅብረት ሥራ ማኅበራቱ ጋር መነጋገር ያለበት ጉዳይ ነው።

የመድኅኑን ገንዘብ ከወረዳ ይልቅ በሰፋ ቋት የማሰባሰብ አቅጣጫ በአገሪቱ እየተሠራበት ነው። ቋቱ ሲሰፋ አንድ ወረዳ በወረርሽኝ ሲመታ ሌላው ይደግፈዋል። ሆኖም ቋቱን ወደ ላይ ማውጣት ብቻ በቂ አይሆንም። ገንዘቡ ከቀበሌው ሲርቅ ቅሬታ ሰሚውም አብሮ እንዳይርቅ መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

ሌሎች አገሮች ምን አደረጉ?

የድርጅት ጥናት ምሁራን ኪት ፕሮቫንና ፓትሪክ ኬኒስ እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጽሑፍ ራሳቸውን የቻሉ ተቋማት አብረው ሲሠሩ ትብብሩ በሦስት መንገድ ሊመራ እንደሚችል አስቀምጠዋል። አንደኛው አባላቱ በእኩልነት ተሰብስበው የሚወስኑበት ነው። ሁለተኛው ከመካከላቸው አንዱ ትልቅ ተቋም መሪ የሚሆንበት፣ ሦስተኛው ደግሞ ትብብሩን ብቻ የሚያስተዳድር የተለየ ጽሕፈት ቤት የሚቋቋምበት ነው። እንደ ምሁራኑ የእኩልነቱ መንገድ የሚሠራው አባላቱ ጥቂት ሲሆኑና ሲተማመኑ ነው፤ ሲበዙ ስብሰባው ራሱ ሥራ ይሆናል። ፕሮቫን ከብሪንተን ሚልዋርድ ጋር ቀደም ሲል፣ እ.ኤ.አ. በ1995፣ በአራት የአሜሪካ ከተሞች የአእምሮ ሕሙማን አገልግሎትን አጥንቶ ነበር። የተሻለ ውጤት የተገኘው ሁሉም ከሁሉም ጋር ጥብቅ ግንኙነት ባለበት ከተማ አልነበረም። በአንድ ማዕከላዊ ተቋም ዙሪያ በተሰባሰበችውና ሥርዓቷ ሳይናወጥ በቆየችው በፕሮቪደንስ ከተማ ነበር።

ታይላንድ እ.ኤ.አ. በ2002 ለሕዝቧ ሁሉ የሕክምና ሽፋን ስትሰጥ ገንዘቡ በአብዛኛው በወረዳ ሆስፒታሉና በዙሪያው ባሉት ጤና ጣቢያዎች ስም በአንድነት እንዲመጣ አደረገች። ስለዚህ ሆስፒታሉ ጤና ጣቢያው ብዙ ሰው ቢያክም ይጠቀማል እንጂ አይጎዳም። ይሁን እንጂ ገንዘቡን የያዘው ሆስፒታል ለራሱ ያደላል የሚል ቅሬታ በዚያም አልቀረም። በእንግሊዝ ደግሞ ሆስፒታሎችና የአካባቢ አስተዳደሮች ለዓመታት በፈቃደኝነት ሲተባበሩ ቆይተው፣ ፈቃደኝነት በጀትን ማስገደድ ስለማይችል እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2022 በሕግ የተቋቋሙ 42 የተቀናጀ እንክብካቤ ቦርዶች ሥራ ጀምረዋል። በሀብት የበለጸገች አገር እንኳ በመልካም ፈቃድ ብቻ መዝለቅ አልቻለችም።

ኢትዮጵያ ከሁለተኛው መንገድ ጋር የሚቀራረብ የራሷ ልምድ አላት። በ2004 ዓ.ም. የተጀመረው የኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ጥምረት ለጥራት ሆስፒታሎችን በክላስተር አሰባስቦ፣ በየክላስተሩ አንዱን መሪ አድርጎ፣ እርስ በርስ እንዲማማሩና እንዲወዳደሩ አድርጓል። በኋላም ተመሳሳይ ጥምረት ለመጀመሪያ ደረጃ የጤና ክብካቤ ተቋማት ተዘርግቷል። ጥምረቱ ጥሩ ያስተማረው ነገር የአቻ ዓይን ከተቆጣጣሪ ዓይን ይልቅ እንደሚያሠራ ነው። ድክመቱ ደግሞ ሆስፒታል ከሆስፒታል፣ ጤና ጣቢያ ከጤና ጣቢያ ጋር መወዳጀቱ ነው፤ ታካሚው የሚወድቀው በሁለቱ መካከል ሆኖ ሳለ።

ለኢሉባቦር የሚስማማው የትኛው ነው? አዲስ ጽሕፈት ቤት ማቋቋም በጀት ባጠረበት ዘመን አዲስ ደመወዝ ከመጨመር ያለፈ ፋይዳው አጠራጣሪ ነው። ሁሉን ነገር ለመቱ ሆስፒታል መስጠትም አያዋጣም። ትልቁ ሆስፒታል በዕለት ተዕለት ሕመምተኛ የተጨናነቀ ከመሆኑም በላይ የመቱ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ተማሪዎች የሚሠለጥኑበት ነው፤ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ሐኪሞች ከፌዴራል፣ የክልል ሠራተኞች ከክልል በጀት ሲከፈላቸው አንዱን ተቋም በራሱ ውስጥ ማቀናጀትም ሥራ ይጠይቃል። ከሁሉ የሚሻለው ሥራውን መክፈል ይመስላል። የሕክምናውን ጉዳይ፣ ማለትም ማን መቼ ይላክ፣ ምን ተደርጎለት ይላክ፣ እንዴት ይመለስ የሚለውን ሆስፒታሉ ይምራ፤ ጤና ጣቢያዎችንም በአካል እየሄደ ያብቃ። ነዳጁን፣ ክፍያውንና ቅሬታውን ደግሞ የዞኑ አስተዳደር ወረዳዎቹን ሰብስቦ በተፈረመ ስምምነት ይያዝ። የጋምቤላና የደቡብ ምዕራብ አጎራባች ወረዳዎችም በዚያ ስምምነት ፈራሚ እንጂ እንግዳ መሆን የለባቸውም።

ወባው ያሳየው

ትብብር በዝግታ ጊዜ ቢጓደል ወጪው አይታይም። ወረርሽኝ ሲመጣ ይታያል። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው እ.ኤ.አ. ከጥር 1 እስከ ጥቅምት 20 ቀን 2024 ባለው ጊዜ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሰዎች በወባ ሲታመሙ 1,157 ሰዎች ሞተዋል። ከታማሚዎቹ 44 በመቶው የተመዘገቡት በኦሮሚያ ክልል ሲሆን፣ ምዕራቡ ክፍል ክፉኛ ተመትቷል።

ወባን አንድ ተቋም አያሸንፈውም። መመርመሪያውና መድኃኒቱ ጤና ኬላ መድረስ አለበት። ያቆረውን ውኃ የሚያፋስሰው ቀበሌው ነው። በቡና ለቀማ ወቅት ከቆላ ወደ ደጋ፣ ከደጋ ወደ ቆላ የሚንቀሳቀሰውን የቀን ሠራተኛ የሚያውቀው የእርሻው ባለቤት ነው። የየሳምንቱን ቁጥር የሚያጠናቅረው ወረዳው፣ በጽኑ የታመመውን የሚቀበለው ሆስፒታሉ ነው። በአንድ ወረዳ ቁጥሩ ሲያሻቅብ ሆስፒታሉ ደምና ለጽኑ ወባ የሚሰጠውን መርፌ ለማዘጋጀት ሊያውቅ የሚገባው ሕፃናቱ በአምቡላንስ ከመምጣታቸው በፊት ነው። ሪፖርቱ ወደ ላይ ወደ ዞንና ክልል ይጓዛል፤ 30 ኪሎ ሜትር ርቆ ላለው ሆስፒታል ግን ወደ ጎን የሚያደርሰው መስመር የሳሳ ነው።

ዕድሩ የሚያውቀው

የሚገርመው የትብብር አስተዳደር ሕግጋት በየቀበሌው ያለው ሕዝብ ከተግባር የሚያውቃቸው መሆናቸው ነው። ሕመምተኛ በቃሬዛ የሚያጓጉዝ ዕድር የማን ተራ እንደሆነ ያውቃል። ያልመጣ ይቀጣል፤ ቅጣቱም አስቀድሞ ተወስኗል። ዳኛው የተመረጠ ነው፣ ሂሳቡ በአባላት ፊት ይነበባል። ማንም ‹‹ይህ የእኔ ድርሻ አይደለም›› ብሎ ታማሚውን መንገድ ላይ አስቀምጦ አይሄድም፤ ቃሬዛው ከትከሻ ወደ ትከሻ የሚተላለፈው ተቀባዩ ጨብጦ ከያዘ በኋላ ነው። ወረዳዎች አምቡላንስ ማግኘት ከጀመሩ ወዲህ ቃሬዛው የሚጓዘው መንገድ አጥሯል፤ ነዳጅና ጎማ ሲያልቅ ማን ይሙላ የሚለው ጥያቄ ግን የዕድሩን ያህል ጥርት ያለ መልስ በሁሉም ዘንድ አላገኘም።

ለነዋሪው የተከፈቱ በሮች የሉም ማለት አይደለም። የሆስፒታልና የጤና ጣቢያ ቦርዶች የኅብረተሰብ ተወካይ አላቸው። የጤና መድኅኑ ደግሞ የአባላት ጠቅላላ ጉባኤ አለው፤ ሪፖርት የሚቀርብለትና ጥያቄ የሚጠይቀውም እርሱ ነው። በእነዚህ ጉባኤዎች ብዙውን ጊዜ የሚነሣው ጥያቄ ስንት ሰው ከፈለ፣ ስንት ብር ተሰበሰበ የሚል ነው። ከዚያ ይልቅ ሊጠየቁ የሚገባቸው ጥያቄዎች አሉ። ባለፉት ሦስት ወራት ከጤና ጣቢያችን ወደ መቱ ከተላኩት ሰዎች ስንቶቹ የምላሽ ወረቀት ይዘው ተመለሱ? የሆስፒታሉ ሂሳብ በስንት ቀን ተከፈለ? ከታዘዙት መድኃኒቶች ስንቱ በውሉ መሠረት ተገኘ፣ ስንቱ ከውጭ ተገዛ? አምቡላንሱ ስንት ቀን ያለ ነዳጅ ቆመ?

አራቱም ጥያቄዎች መልሳቸው በየመዝገቡ ያለ ነው፤ የመጀመሪያው በጤና ጣቢያው የሪፈር መዝገብ፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው በመድኅኑና በሆስፒታሉ ሂሳብ ክፍል፣ አራተኛው በወረዳው የተሽከርካሪ ስምሪት መዝገብ። መዝገቦቹን በአንድ ጠረጴዛ ላይ ማምጣት አዲስ ሕግም ሆነ አዲስ በጀት አይጠይቅም። የሚቀጥለው ዓመት ውል ከመፈረሙ በፊት አባላቱ የውሉን ግልባጭ ጠይቀው ቢያነቡ፣ የምላሽ ወረቀትና የክፍያ ቀነ ገደብ በውስጡ መኖር አለመኖሩን ከፊርማው በፊት ማየት ይችላሉ።